የዲ መርዶ

ባለፈው ሰሞን ከሚዛን ወደ አማን በባጃጅ ስወርድ ሹፌሩ መዝሙር ከፍቶ ነበር። ዝናቡ የባጃጁን ሸራ ይደበድባል፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ በዘንቢል የያዘችው አናናስ ሽታው ውስጡን ሞልቶታል፣ እኔም ስለሚያመኝ ጉልበቴ እያሰብኩ ነበር። ድንገት የአንዲት ሴት ድምፅ በሸኮኛ ወጣ። ሸኮኛ አልናገርም፤ ያን መዝሙር ግን ከነትንፋሹ አውቀዋለሁ። የት ላይ ከፍ እንደሚል፣ የት ላይ እንደሚሰበር፣ መጨረሻው ላይ ምን እንደሚመጣ ስለማውቅ ጆሮዬን አቅንቼ ጠበቅሁ። እንዳሰብኩትም ዘማሪዋ የመጨረሻዋን ቃል ሳትጨርስ ዶሮ ጮኸ። ሹፌሩ ሊያልፈው እጁን ወደ ራዲዮው ሲሰድ ትከሻውን ያዝኩት። በመስታወቱ አየኝ። ምናልባት አሮጊቷ ልትወድቅ ነው ብሎ ይሆናል። የዚያን ዶሮ ታሪክ ከሚዛን አማን ባለች አጭር መንገድ ነግሬ የምጨርሰው አይደለም።

ያኔ ሱቄ ከመናኸሪያው በር ወረድ ብሎ፣ በልብስ ሰፊና በካሴት ቤት መሐል ነበረች። በግራ የሲንጀሩ ኳኳታ፣ በቀኝ ካሴት ቤቱ በር ላይ ያቆመው ትልቅ ድምፅ ማጉያ፣ በመሐል እኔና ሦስት ኮምፒውተሮቼ። ጽሕፈት ገጹ በሁለት ብር፣ ፎቶ ኮፒ በሽልንግ፣ ሻይም በሽልንግ ነበር፤ ሰው ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ መጥቶ በዝናብ ሲያዝ የሻዩንም እኔው እከፍልለት ነበር። የጊዜው ወጣት ሹራቡን ወገቡ ላይ አስሮ፣ የሱሪውን ጫፍ ከጭቃ ለማዳን ሁለት ጊዜ አጥፎ ነው የሚሄደው። እኔ ደግሞ ጅንስ ሱሪዬን ቦት ጫማዬ ውስጥ ከትቼ፣ ካቻቢቴዬን በጃኬቴ ኪስ ይዤ በከተማው ስዞር አንዳንድ እናቶች ያማትቡብኝ ነበር። ኋላ ግን የልጃቸው ኮምፒውተር አልነሳ ሲል "ያቺን ባለ ሱሪ ጥሯት" ያሉትም እነዚያው ናቸው። ትርሲት የሚለውን ስሜን የሚያውቅ ጥቂት ነበር፤ ባለ ሱሪዋን ግን ከጌጫ እስከ ሸኮ የማያውቅ አልነበረም። እንዲህ ስናገር ጉራ ይመስል ይሆናል። ይምሰል።

የዛሬ ልጆች ሁሉም ነገር ስልካቸው ውስጥ ስለሆነ ዲ ምን እንደሆነች አያውቁም። በእኔ ጊዜ ኮምፒውተር ስሸጥም ስጠግንም መጀመሪያ የማደርገው ሃርድ ዲስኩን ሲና ዲ ብዬ ለሁለት መክፈል ነበር። ሲ የዊንዶውስ ናት። ቫይረስ ሲገባባት፣ ስትንቀራፈፍ፣ አልነሳም ስትል ጠርገን እንደገና እንጭናታለን። ዲ ግን የባለቤቱ ናት። የሠርግ ፎቶው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ ዘፈኑ እዚያ ይቀመጣል፤ ሲ ሺህ ጊዜ ብትጠረግ ዲ አትነካም። ይህን ረጅም ትምህርት ለእያንዳንዱ ደንበኛ ማስረዳት ሲሰለቸኝ "ሲ ትሞታለች፣ ዲ አትሞትም" ብዬ አሳጠርኩት። አባባሉ ከእኔ ሱቅ ወጥቶ ከተማውን ዞረ። ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር፣ አደራ የሚሰጠው ነገር ሲኖር "ዲ ላይ አድርግልኝ" ይል ጀመር። አንዲት የሠፈራችን ሴት ባሏን በሰው ፊት "ደሞዝህን ሲ ላይ እያደረግህ ነው እኛን የምታስርበን" ብላ ስትናገረው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከእኔ ኮምፒውተር ከገዙት አንዱ የቴፒው ጳውሎስ ነው። ጳውሎስ ቀን በቡና እርሻ መጋዘን ይሠራል፤ ከሥራ መልስ በእናቱ ግቢ ባለች አንዲት ክፍል መዝሙር ይቀርጻል። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በቡና ጆንያ ሸፍኖታል፤ ገብቶ የወጣ ሰው ሁሉ ጥሬ ቡና ጥሬ ቡና ይሸታል። የቴፒ ሙቀትና እርጥበት ደግሞ ከኮምፒውተር ጋር አይስማማም፤ አንድ ጊዜ ሲፒዩውን ስከፍትለት ጉንዳን ከነእንቁላሉ ሰፍሮበት አግኝቻለሁ። ጳውሎስ ግን እንደ ታቦት ነበር የሚይዘው፣ ሥራ ሲጨርስ በእናቱ ነጠላ ይሸፍነዋል።

እናቱ እማማ ማርታ የሸኮ ሰው ናቸው። በቤተ ክርስቲያናቸው መዝሙሩ ሁሉ በአማርኛ በነበረበት ጊዜ፣ የሸኮ አሮጊቶች ቃሉ አልያዝ እያላቸው አፋቸውን ብቻ ሲያንቀሳቅሱ አይተው፣ በገዛ ቋንቋቸው እየገጠሙ ያዘመሯቸው እሳቸው ናቸው። መጻፍ አያውቁም፤ መዝሙሩ ሁሉ በጭንቅላታቸውና በጉሮሯቸው ነበር። ጉሮሯቸው ላይ ደግሞ እንቅርት ነበረባቸው። በእኛ አገር እንቅርት ብርቅ አይደለም፤ የእሳቸው ግን እያደገ መጥቶ መተንፈስ ከለከላቸው። ሐኪሙ ካልወጣ እንደሚያንቃቸው፣ ሲወጣም ድምፃቸውን ሊወስደው እንደሚችል አስቀድሞ በግልጽ ነገራቸው። እሳቸውም ቤታቸው ገብተው ልጃቸውን ጠሩና "እንግዲያው ከመሄዴ በፊት ያለኝን ሁሉ ውሰድ" አሉት። በቀን የሠፈሩ ወፍጮ ስለሚጮህ የቀረጹት ማለዳ ማለዳ ነው። ወፍጮውን አመለጡ፣ ዶሮውን ግን አላመለጡም። አንዱ መዝሙር ሊያልቅ ሲል የገዛ አውራ ዶሯቸው ከመስኮቱ ሥር ቆሞ ጮኸበት። ጳውሎስ ኋላ እቆርጠዋለሁ ብሎ ተወው። እማማ ማርታ ሄደው ታከሙና ዳኑ። ድምፃቸው ግን ሐኪሙ እንደፈራው ሆነና ሹክሹክታ ብቻ ቀረላቸው። ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ መዝሙር በዓለም ላይ የነበረው አንድ ቦታ ነበር፤ ዲ ላይ።

መርዶው የደረሰኝ በአውቶቡስ ረዳት አፍ ነው። የሞባይል ሲም ካርድ እንደ መሬት በምሪት ይገኝ በነበረበት ዘመን የቴፒን ወሬ ለሚዛን የሚያደርሱት ረዳቶች ነበሩ። ልጁ ከአውቶቡሱ በር ላይ ሳይወርድ ጳውሎስ ቤት ለቅሶ መኖሩን ነገረኝ። ደንግጬ እማማ ማርታ ናቸው ወይ ስለው ሰው አልሞተም፣ መዝሙሩ ነው፤ ከኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሽማግሌዎቹ አርድተዋቸዋል፣ ጎረቤት ተቀምጧል አለኝ። ከየትኛዋ ላይ ነው የጠፋው አልኩት። ከዲ ላይ ነው አለኝ፤ ሲናገርም ፊቴን እያየ ነበር። ሱቄን ዘግቼ ወደ ቴፒ በሚመለሰው በዚያው መኪና ተሳፈርኩ። ለእማማ ማርታ አዘንኩ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከኀዘኑ እኩል ተናድጄ ነበር። ዲ አትሞትም ያልኩት እኔ ነኛ። ከሚዛን ጉም ወጥተን ሸኮን አልፈን ወደ ቴፒ ሙቀት ስንወርድ ጃኬቴን አውልቄ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩና መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ። ጳውሎስ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ዲን በእጁ አይጠርግም።

ግቢው ስደርስ የቤተ ክርስቲያኑ አግዳሚ ወንበሮች ከቡና ዛፎቹ ሥር ተደርድረዋል፣ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል፣ ሴቶቹ የተቀቀለ ጎደሬ በቅጠል እያቀረቡ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ወልዴ ተነሥተው አጠገባቸው አስቀመጡኝና እንዴት እንዳረዷቸው ነገሩኝ። እንደ ሥርዓቱ ገና ሳይነጋ ነው የሄዱት። እማማ ማርታ በር ላይ ቆመው ሲያገኟቸው የትኛው ልጄ ነው ብለው በእጃቸው ጠየቁ። ልጅ አይደለም፣ መዝሙሩ ነው ሲሏቸው መጀመሪያ ተመስገን አሉ። ኋላ ነገሩ ሲገባቸው ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ጓዳ ገቡ፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አልወጡም ነበር። በሌላ ጊዜ ቢሆን ለኮምፒውተር መርዶ መነገሩ ያስቀኝ ነበር። ያን ጊዜ ግን ጋሽ ወልዴ ሲነግሩኝ ዓይናቸው ቀልቷል፤ እኔም አልሳቅሁም። ሥርዓቱ ለጠፋ ነገር ክብር መስጠት ነው፤ ያ መዝሙር ደግሞ መርዶ ይገባው ነበር። ቅር ያለኝ መሞቱ ሳይረጋገጥ መነገሩ ነው።

ጳውሎስ ጺሙን ሳይላጭ፣ ዓይኑ አብጦ ወጣ። ቫይረስ ገብቶበት ዊንዶውሱን እንደገና ጭኗል። የጠረገው ሲን ብቻ ነው፣ ይህን በእናቱ ማለልኝ። ሲጨርስ ዲን ቢከፍት "ዲስክ ያስገቡ" አለችው። ደጋግሞ ከፈተ፣ ደጋግማ ያንኑ አለች። ከሲና ከዚያች ባዶ ዲ በቀር ሌላ የሚታይ የለም። ዳግም ዓይኑ እንዳያየው ኮምፒውተሩን ለአንድ ፊልም አከራይ ሊሰጠው ተስማምቷል፤ ሰውዬው ከምሳ በኋላ መጥቶ ሊወስደውና ጠቅላላ ጠርጎ ፊልም ሊሞላበት ነው። ይህን ስሰማ የቀረበልኝን ጎደሬ አስቀመጥኩ።

"ጋሽ ወልዴ፣ ሬሳውን ማን አየው?" አልኳቸው።

"የምን ሬሳ፣ ልጄ?"

"ሬሳ ሳታዩ ነዋ ለቅሶ የተቀመጣችሁት።"

ከሴቶቹ አንዷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ከወንዶቹ አንዱ ግን ቆጣ ብሎ፣ ዲ አትሞትም ብለሽ ያሳመንሽን አንቺ አይደለሽም ወይ አለኝ። አዎን እኔ ነኝ፣ አሁንም አልሞተችም አልኩና ወደ ጆንያው ክፍል ገባሁ። እንዲህ ያልኩት አይቼ አልነበረም። ግን የአንድ ክፍል ግድግዳ ሲጠረግ የጎረቤቱ ክፍል እንደማይፈርስ አውቃለሁ፤ ደግሞም ፈሪ ሰው ካቻቢቴ መያዝ የለበትም።

የቤተ ክርስቲያኑ ጄኔሬተር በርቶልኝ ኮምፒውተሩ ተነሣ። ለቀስተኛው በሩና መስኮቱ ላይ ተጨናንቆ ያያል። ዲስኮቹ ሁሉ በስምና በመጠን የሚታዩበትን ገጽ፣ ዲስክ ማኔጅመንትን ከፈትኩ። ሃርድ ዲስኩ እንዳከፋፈልኩት ሁለት ቦታ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ሲ በስሟ አለች። ከጎኗ ያቺው የእኔ ትልቋ ክፍል፣ መጠኗ ሳይጎድል፣ ከላይዋ "ጤነኛ" የሚል ተጽፎባት አለች። የሌላት ፊደሏ ብቻ ነው። ዊንዶውሱ አዲስ ሲጫን ዲ የሚለውን ፊደል ለሲዲ ማጫወቻው ሰጥቶት፣ ለእሷ ምንም ሳይሰጥ ትቷታል። ጳውሎስ ዲ ብሎ ሲከፍት የነበረው ባዶውን ሲዲ ማጫወቻ ኖሯል። ጋሽ ወልዴ ከኋላዬ ጎንበስ ብለው ምን ይላል ሲሉኝ፣ በድሮ ጊዜ የቀበሌ ሊቀ መንበር እንደነበሩ አውቃለሁና በሚገባቸው ነገርኳቸው። ቤቱ አልፈረሰም፣ ዕቃውም አልተዘረፈም፤ የቤት ቁጥሩ ተነቅሎ ጎረቤት ላይ ተመትቷል። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ውጭ ዞረው በሸኮኛ ተረጎሙት።

ከደስታዬ ብዛት ተቻኮልኩና ለቤቷ ኢ የሚል ፊደል ሰጠኋት። ወዲያው ተከፈተች፤ "እናቴ" የሚለው ማኅደር ከነሙሉ ክብደቱ ወጣ። ግቢው በእልልታ ተናወጠ። ጳውሎስ ግን የመቅረጫውን ፕሮግራም ሲከፍት፣ አንዱም መዝሙር አልነሳ አለ። "ፋይሉ አልተገኘም" ይላል፣ እሺ ሲሉት ለሚቀጥለውም ያንኑ ይላል። የእማማ ማርታ ድምፅ ተቆራርጦ በቁጥር ብቻ ነበር የተቀመጠው፤ የትኛው ቁራጭ የትኛው መዝሙር እንደሆነ፣ የቱ ከየት እንደሚቀጥል የሚያውቀው ፕሮግራሙ ብቻ ነው። እልልታው ቀስ በቀስ ቆመ። የተቆጣኝ ሰውዬ ሁለተኛ መርዶ ነው አለ። በዚያች ሰዓት ላቤ በጀርባዬ ወርዷል፣ አልዋሽም። ከዚያ ግን የራሴው ምሳሌ ትዝ አለኝ። ፕሮግራሙ ዛሬም የሚያንኳኳው የድሮውን ቁጥር ነው። ዲ ብሎ ይሄዳል፣ እዚያ የሚያገኘው ሲዲ ማጫወቻውን ነው፣ ሰው የለም ብሎ ይመለሳል። አዲስ ቁጥር ስለሰጠኋት ብቻ የሚያውቃት አይመስለኝም።

ስለዚህ ሲዲ ማጫወቻውን ከዲ አስነሥቼ ከፊደሎች ሁሉ መጨረሻ፣ ዜድ ላይ አሰፈርኩት። ጋሽ ወልዴ ይህንንም ተርጉመው ሲነግሩ ደባሉን አስወጣችው ሳይሉ አልቀሩም፣ ሰው ሳቀ። ያቺን ክፍል ከኢ አውጥቼ የጥንት ፊደሏን ዲን መለስኩላት። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሣሁ። ጳውሎስ ሊነካው ስላልደፈረ መዝሙሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አረንጓዴዎቹ የድምፅ መስመሮች አንድ በአንድ በየቦታቸው ሲሰለፉ አየሁና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት።

የእማማ ማርታ ድምፅ ከጆንያው ክፍል ወጥቶ ግቢውን ሞላ። ጠንካራ ድምፅ ነበር፣ ወፍራም፣ ትንሽ እንደመንቀጥቀጥ የሚል። ሰው ሁሉ ተነሣ። የጓዳው በር ተከፈተና እማማ ማርታ ነጠላቸው ራሳቸው ላይ እንዳለ ወጡ። አንገታቸው ላይ ያለውን ጠባሳ ያን ቀን ነው ያየሁት። ዘንጋቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆሙ፤ ከንፈራቸው ከመዝሙሩ ጋር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። ያን ያህል ዘመን ሲያዝኑላቸው እንደነበሩት አሮጊቶች ሆኑ። ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ሥራዬ ስለሰመረም፣ ስለ እሳቸውም። መዝሙሩ ሊያልቅ ሲል ከማጉያው ውስጥ ዶሮው ጮኸ። ወዲያው ከቡናው ሥር ያው አውራ ዶሮ፣ ሌላ ዶሮ የደፈረው መስሎት ክንፉን አማትቶ መለሰለት። ለቅሶ የመጣው ሕዝብ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ።

ጋሽ ወልዴም ሳቃቸውን ሳይጨርሱ፣ እንግዳ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ ጎደሬ ብቻ በልቶ አይሄድም፣ ያ ዶሮ ለእሷ ይታረድ ብለው አዘዙ። አንዱ ሮጦ ያዘው። እማማ ማርታ ዘንጋቸውን አንሥተው ከለከሉ። ምን እንደሚሉ የሚሰማ ስላልነበረ ጳውሎስን በእጃቸው ጠርተው በጆሮው ነገሩት። እሱም እንባውን በክንዱ እየጠረገ ለእኛ ነገረን።

"እናቴ፣ 'የእኔ ድምፅ ሄዷል፤ የእሱ እንኳን ይቆይ' ትላለች።"

ዶሮው ተለቀቀ። እኔም ጎደሬዬን በዳጣ በላሁ፤ ከዚያ የሚጥም ምግብ የቀመስኩት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ፊልም አከራዩ ከምሳ በኋላ ሲመጣ በር ላይ የጠበቁት ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ ምን እንዳሉት አላውቅም፣ ሰውዬው ግን ባዶ እጁን ተመለሰ። መዝሙሩ በዚያው ዓመት በሲዲ ወጣ። ጳውሎስ ጩኸቱን ሊቆርጠው የሚችል ሆኖ ሳለ አልቆረጠውም። ዛሬ እማማ ማርታ ካረፉ ቆይተዋል፣ ዶሮውም እድሜውን ጠግቦ ሞቷል፣ የእኔም ሱቅ የስልክ መሸጫ ሆኗል። የሸኮ አሮጊቶች ግን አፋቸውን ከፍተው ይዘምራሉ አሉ።

አማን ስንቃረብ የባጃጁ ሹፌር ጥሩ አስተዳደግ ያለው ልጅ ነውና ይቅርታ ጠየቀኝ።

"ቅጂው ደህና አይደለም፣ እናቴ። ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ ዶሮ ይገባበታል። ብዙ ሰው እለፈው ይለኛል።"

"አትለፈው ልጄ፤ እሱም ዘማሪ ነው" አልኩት።

እንደገና በመስታወቱ አየኝ። ከዚያ መዝሙሩን ከመጀመሪያው መልሶ ከፈተልኝ።